በአሸዋ ላይ ስለሚሮጠው ባለ አራት ጎማ ሞተር

ሞጆ ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ ናት። ደረቅ ወደቡ በ2001 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው አገር ከሚመጣው የኮንቴይነር ዕቃ አብዛኛው እዚሁ ይራገፋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድም በአጠገቡ ያልፋል። ስለዚህ የከተማው ሰው በየቀኑ ብዙ ዓይነት ዕቃ ያያል፤ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ሲገባም ቀረጥ የማይከፈልበት ምኞት አብሮ ይገባል። ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሞተር መጻፍን ምን አመጣው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ነገሩ ከቤት ገንዘብና ከልጅ አካል ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ከዚህ ገጽ የተሻለ ቦታ አላገኘሁለትም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የሠፈራችን ወይዘሮ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ ግቢ መጡና፤ «እርስዎ የፈረንጅ ፊደል ያነባሉና ይህን ይዩልኝ፤ ልጄ የጓሮውን ቦታ ሽጠሽ ይህን ግዢልኝ ይለኛል» አሉኝ። ወረቀቱ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የሚኖር አንድ ነጋዴ የጻፈው የዋጋ ዝርዝር ሆኖ አገኘሁት። የሚሸጠውም ሁለት ያገለገሉ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ነበሩ፤ አንደኛው ያማሃ ራፕተር 700፣ ሁለተኛው ያማሃ ባንሺ፣ ሁለቱም በአሸዋ ተራራ ላይ ለመሽቀዳደም የተለወጡ። ልጁ በዚያ አገር ስድስት ዓመት በጋራዥ ውስጥ የሠራ ነው። አሳቡም ሞተሮቹን በኮንቴይነር አስመጥቶ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር ለሚመጣ ሰው በሰዓት ማከራየት ነበር። አስጠርቼ ሁለት ምሽት ያህል ጠየቅሁት፤ እርሱም ሳይሰለች ሁሉን አስረዳኝ። ከእርሱ የሰማሁትንና ከመጻሕፍት ያነበብሁትን አስተባብሬ እነሆ አቀርባለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ወደ ሌላም ቤት ሳይደርስ አይቀርምና።

ይህ ዓይነት ሞተር መጀመሪያ ባለ ሦስት ጎማ ነበር። ሆንዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1970 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንደ ፊኛ የተነፉ ሦስት ጎማዎች ያሉትን ሞተር ለአሜሪካ ገበያ አወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዙኪ አራተኛውን ጎማ ጨመረበት፤ በ1985ም ለእሽቅድምድም ብቻ የታሰበውን አወጣ። ባንሺ የተባለው የያማሃ ሞተር ከ1987 እስከ 2006 ድረስ በአሜሪካ ሲሸጥ ቈየ። ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆለት የሚነድ፣ ድምፁ እንደ ተርብ የሚጮህ ሞተር ነው፤ ሥራው ከቆመ ብዙ ዓመት ቢሆነውም የአሸዋ ተሽቀዳዳሚዎች ዛሬም አልተዉትም። ራፕተር 700 ደግሞ አንድ ታላቅ ሲሊንደር ያለው ሆኖ ክብደቱ ከነቤንዚኑ 190 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህን ቍጥር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

የአሸዋ ተራራ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ነፋስ አሸዋውን እየገፋ ሲከምረው በሚነፍስበት በኩል ያለው ወገን ረጋ ያለ ዳገት ይሆናል፤ በስተ ጀርባው ያለው ግን አሸዋው ሊቆም እስከሚችልበት ድረስ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ፣ ድንገት ይወርዳል። ከታች ሲመለከቱት ሁሉም አንድ ቀለም ስለ ሆነ ዳገቱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በአቡ ዳቢ ግዛት በሊዋ በረሓ ያለው ተል ሞሪብ የተባለው ተራራ ቁመቱ ወደ 300 ሜትር ይደርሳል፤ በክረምታቸው ወራት ሞተረኞችና ባለ መኪኖች ከግርጌው ተነሥተው ቀድሞ ከጫፍ ለመድረስ የሚሽቀዳደሙበት ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ለተራ ሜዳ የሠራውን ሞተር እንዲህ ወዳለ ቦታ የሚወስድ ሰው ሳይለውጠው ሊሄድ አይችልም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው ጎማው ነው። የተራ መንገድ ጎማ በአሸዋ ላይ ሲሽከረከር ጕድጓድ ቈፍሮ ይቀበራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ስለዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ ይወጡና ከዳር እስከ ዳር እንደ መቅዘፊያ የተነሡ የላስቲክ ክንፎች ያሏቸው ጎማዎች ይገባሉ። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ውሃውን ወደ ኋላ ገፍቶ ራሱን ወደ ፊት እንደሚያስኬድ ሁሉ፣ ይህም ጎማ አሸዋውን ወደ ኋላ እየወረወረ ይሄዳል። የክንፎቹ ብዛት ከሞተሩ ጉልበት ጋራ መመዛዘን ይገባዋል፤ ክንፉ በዝቶ ሞተሩ ደካማ ቢሆን ሞተሩ ይታፈናል፤ ክንፉ አንሶ ሞተሩ ብርቱ ቢሆን ጎማው በከንቱ ይዞራል። የፊተኞቹ ጎማዎች ግን ለስላሳ ሆነው በወገባቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ የወጣባቸው ናቸው፤ የሚፈለጉት አሸዋውን ከፍለው ለመምራት ነውና። ነፋሱም እጅግ ያንሳል፤ የአውቶሞቢል ጎማ 30 ፓውንድ ያህል ሲይዝ ለአሸዋው ጎማ ከ5 እስከ 8 ፓውንድ ይበቃዋል። ግመል እግሩ ሰፊ ስለ ሆነ እንደማይሰምጥ ማለት ነው።

ጎማው አሸዋውን አጥብቆ ሲይዝ ሌላ መከራ ይመጣል፤ ሞተሩ ዳገት ሲወጣ ፊቱ ይነሣና በነጂው ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለዚህ መድኀኒቱ የኋላውን ጎማ ከሻንሲው ጋራ የሚያያይዘውን የብረት ክንድ ማስረዘም ነው፤ ሞተሩ ሲረዝም ፊቱ በቀላሉ አይነሣም። ነገር ግን ረጅሙ ሞተር ቀጥ ብሎ ለመውጣት እንጂ በተራራና በተራራ መካከል ለመጠማዘዝ አይመችም። ስለዚህ ሁሉንም የሚያውቅ መካኒክ አስቀድሞ «የምትሽቀዳደመው ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በጎን እንዳይገለበጥም የኋላው አክስል በረጅም ይለወጣል፤ የፊቱም ክንዶች ይሰፋሉ፤ አሞርዛተሩም ለዝላይ እንዲመች ሆኖ ይስተካከላል። በእግር ማኖሪያውና በኋላው ጎማ መካከል የብረት ዘንግና መረብ ይዘረጋል፤ የነጂው እግር ከቦታው ቢያመልጥ የራሱ ሞተር የኋላ ጎማ እንዳይረግጠው ነው። ይህን ያላስገባ ባለ ሞተር ፍጥነት ልጨምር ቢል ቅደም ተከተሉን አላወቀም።

ከዚህ በኋላ የመተንፈሱ ነገር ይመጣል። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ ከቤንዚኑ በክብደት ዐሥራ አራት እጅ የሚበልጥ አየር ይበላል። በአሸዋ መካከል የሚተነፍሰው አየር ደግሞ በዱቄት የተሞላ ነው፤ ያ ዱቄት ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባ በፒስቶኑና በግድግዳው መካከል እንደ ወፍጮ ሆኖ ይፈጨዋል፤ አዲስ ሞተር በአንድ ቀን ያረጃል። ስለዚህ የወረቀቱ ፊልትሮ ተነሥቶ በዘይት የታሸ ስፖንጅ ይገባል፤ በእርሱም ላይ ስስ የጨርቅ ከረጢት ይለብስለታል፤ ከረጢቱ ትልልቁን ሲያስቀር ስፖንጁ ረቂቁን ይይዛል። ልጁ እንደ ነገረኝ የጋራዣቸው ጌታ የሠራተኛውን ዋጋ የሚመዝነው በዚህ ነበር፤ ፊልትሮውን አጥቦ በሚገባ ዘይት ያልቀባ ሰው ወደ ሞተሩ ውስጥ እጁን እንዲያገባ አይፈቀድለትም።

ጉልበት ለመጨመር የሚፈልጉ ሰዎች ማርሚታውን ያወጡና ጭሱን በነጻ የሚያወጣ ሌላ ቧንቧ ያስገባሉ፤ አየሩም እንዲበዛ የፊልትሮውን ሣጥን ክዳን ያነሣሉ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካልጨመረ እሳቱ እጅግ ይግላል፤ የፒስቶኑም ራስ ይበሳል። ስለዚህ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳልፈው ቀዳዳዋ እንደ መርፌ የሆነች የነሐስ ቍራጭ በምትበልጠዋ መለወጥ አለባት፤ ራፕተሩን በመሰለው፣ ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ ተለክቶ በሚረጭበት ሞተር ደግሞ የሚለካው መሣሪያ እንደገና መታረም አለበት። ካንዴላው ለመካኒክ ምስክር ነው፤ ተፈትቶ ሲታይ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቍር ጥላሸት ከያዘ በዝቶበታል፤ እንደ ቡና ገለባ ቡናማ ከሆነ ግን ደኅና ነው።

ልጁ ያልቈጠረው አንድ ነገር ነበረ። ከባሕር ወለል አጠገብ የተስተካከለ ሞተር ወደ ሞጆ ሲመጣ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ላንጋኖም ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ በሞጆ ላይ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ለሚሆን ለጥቂት ብቻ የቀረ ጉልበት ይጐድላል ማለት ነው። ለኤምሬቶች የተለካችው የነሐስ ቀዳዳ እዚህ ትሰፋለች፤ ባንሺው ያጨሳል፤ ካንዴላውም ይጠቍራል። ቀዳዳዋን አሳንሶ ካስተካከለው በኋላ ደግሞ ጀብደኛ ሰው ሞተሩን አስጭኖ አዋሽ ወንዝ ወደሚጠፋበት ወደ አፋር ቆላ ቢወርድ፣ ቤንዚኑ ያንስና ፒስቶኑ ይቀልጣል። ይህን ስነግረው ልጁ ጥቂት ዝም አለና፤ «ጋሼ፤ እዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ነበር፤ አገሩ ሜዳ ነው» አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ወዲያው ገባው።

ሌላው ደግሞ የምድራችን ነገር ነው። በሞጆና በመቂ መካከል ለግንባታ የሚቈፈር አሸዋ አለ፤ ቢሆንም ያ በጕድጓድ ያለ አሸዋ እንጂ ነፋስ የከመረው ተራራ አይደለም። የቀረው የስምጥ ሸለቆ መሬት እሳተ ገሞራ የተፋው የሳሳ ድንጋይ፣ አመድ፣ ጭንጫና የግራር እሾህ ነው። ክንፍ ያለው ጎማ በጠንካራ መሬት ላይ ሲሄድ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፤ ክንፉም ቶሎ ይበላል፤ በእሾህና በሹል ድንጋይ ላይማ በ5 ፓውንድ ነፋስ የሚሄድ ጎማ ምን ያህል እንደሚቈይ የከተማችን ጎሚስታ ሁሉ ይናገራል። ዳካር የተባለውን የበረሓ እሽቅድምድም እንመልከት። ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ከ2009 እስከ 2024 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በራሳቸው ክፍል ይሽቀዳደሙበት ነበር፤ የመጨረሻውንም የአርጀንቲናው ማኑኤል አንዱሃር በሳዑዲ ዐረቢያ አሸነፈ፤ ከ2025 ጀምሮ ክፍሉ ቀርቷል። እነዚያ ጐበዞች ብዙዎቹ የሚነዱት ይኸንኑ ራፕተር 700 ሲሆን ባለ ክንፉን ጎማ አያስገቡም ነበር፤ መንገዳቸው አሸዋም ድንጋይም ስለ ነበረ። እነርሱ የሚለውጡት የቤንዚኑን ሰልባትዮ ማስፋት፣ ሻንሲውን ማጠንከርና የታችኛውን ብረት መከላከያ ማወፈር ነበር። ለአገራችን የሚስማማው ከተል ሞሪቡ ይልቅ የዳካሩ አለዋወጥ ነው ማለት ነው፤ ልጁ ሊገዛ ያሰባቸው ሁለቱ ግን የተለወጡት ለተራራው ነበር።

አሁን ወደ ልጆች ነገር ልምጣ። ባለ ሦስት ጎማው ሞተር በአሜሪካ ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ብዙ ልጅ ስለ ገደለና አካለ ስንኩል ስላደረገ፣ በ1988 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሻጮቹ ኩባንያዎች ከመንግሥት ጋራ በፍርድ ቤት ተስማምተው አዲስ ባለ ሦስት ጎማ መሸጥን አቆሙ። በዚያው ስምምነት ከ90 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚበልጥ ሞተር ያለውን ባለ አራት ጎማ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዳይነዳው ተባለ። አንባቢ በልቡ የያዘውን 190 ኪሎ እዚህ ያውጣው። ይህ ሞተር የሚመራው በእጅ ብቻ ሳይሆን ነጂው ወደሚዞርበት ወገን ሰውነቱን እየጣለ ነው፤ 35 ኪሎ የማይሞላ ልጅ ሰውነቱን ቢጥል ሞተሩ አይሰማውም፤ ሲገለበጥ ግን ሞተሩ በልጁ ላይ ይተኛል። ሁለተኛ ሰው ከኋላ ማፈናጠጥም እንደዚሁ ነው፤ የእሽቅድምድሙ ሞተር ለአንድ ሰው የተሠራ ነውና የተፈናጠጠው ክብደት ፊቱን ያነሣዋል። በላንጋኖ ዳር ደግሞ የሚዋኝ ልጅ አለ፤ ውሃ የሚጠጣ ከብት አለ፤ በበዓል ቀን ሰዓቱን ተከራይቶ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠ ጐልማሳ በመካከላቸው ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ነቢይ መሆን አያሻም።

በእኔ ሥራ በኩል የማውቀውንም ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 የሞተርና የተሽከርካሪ ባለቤት ንብረቱ ላደረሰው ጕዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሞተሩን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም፤ የሚያመልጠው ተሰርቆበት እንደ ነበር ቢያስረዳ ነው። በቍጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላመጣው ኀላፊነት አባት እንደሚጠየቅ ተጽፏል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 799ም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ደነገገ። ባለ አራት ጎማው መጫወቻ ነው እየተባለ በስጦታ የሚሰጠው ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ተቀብሏል። ፈረሙልኝ ብለው ለሚመጡ ወላጆች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል፤ ሞተሩ ሳይገዛ ቢለወጥ ግን ምንኛ መልካም ነበር።

ጕምሩኩም ሊረሳ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። እንዲህ ያለ ሞተር በየትኛው ክፍል እንደሚታይ ዕቃው ባሕር ማዶ ሳለ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ በየቀኑ የመጋዘን ኪራይ ይቈጠርበታል። በዚህ ከተማ ኮንቴይነሩን በዐይኑ እያየ ማውጣት አቅቶት ያለቀሰ ሰው አይጠፋም።

ወይዘሮዋ ወረቀቱን መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ የጓሮውም ቦታ እስካሁን አልተሸጠም። ልጁ በስድስት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ ከሞተሮቹ በአንዱ ላይ እንኳ ሳይበቃ ለአንድ የብየዳ መሣሪያ፣ ለቍልፍ ስብስብና ለትንሽ የቶርኖ መኪና በቅቶ ተረፈው። በአዳማ የባጃጅ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቦታ ተከራይቷል። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው፤ ከከተማው ጥግ ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51ና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኤሌክትሪክ ጣቢያዎች የቆሙት በከንቱ አይደለም፤ ያው ነፋስ አቧራውን ሁሉ ወደ ባጃጅ ፊልትሮ ይሰደዋል። እንደ ሰማሁት ልጁ ለባለ ባጃጆች በአሸዋ አገር የተማረውን የስፖንጅ ፊልትሮ እየሠራ ያስገባላቸዋል፤ ሥራውም በዝቶበታል። ሞተሮቹን ጨርሶ እንደ ተዋቸው አልነገረኝም፤ ጐልማሳ ነውና ልቡ ዛሬም ከተራራው ጫፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሞተሩን አስቀድመው የገዙ ቤተ ሰቦች ቢኖሩ ግን እንዲህ ያድርጉ። የራስ ቍር ሳይደረግ ሞተሩ አይነሣ። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩ ወዲያው እንዲጠፋ ከእጁ አንጓ ጋራ የሚታሰረው ገመድ ዘወትር ይታሰር። በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል በተባለው የአሸዋ ተራራ እንደሚታዘዘው ሁሉ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ዘንግ ከነባንዲራው በሞተሩ ላይ ይተከል፤ ከጕብታ ማዶ ያለው ሰው ከሞተሩ አስቀድሞ ባንዲራውን እንዲያይ ነው። ሰንሰለቱ ወፍራም ዘይት አይቀባ፤ ዘይቱ አሸዋውን ይዞ ጥርሱን ይበላዋልና። ስፖንጁን ፊልትሮ በቤንዚን ማጠብ ሙጫውን ስለሚያላቅቀውና እሳትም ስለሚያስነሣ፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና በእርጋታ ይጨመቅ፤ እንደ ልብስ አይጠምዘዝ፤ በጥላ ፈጽሞ ሲደርቅ የፊልትሮ ዘይት ጠብ ተደርጎ በእጅ ይታሽ፤ ቀለሙ በሁሉም ወገን እኩል ሲሆን ወደ ሣጥኑ ይመለስ፤ የሣጥኑም ከንፈር ጥቂት ግራሶ ይቀባ፤ አቧራ በስፖንጁ ማለፍ ሲያቅተው በዳር ሾልኮ እንዳይገባ ነው።